ተገብሮን መቱ ላይ ማስተማር

ኢሉባቦር ውስጥ፣ መቱ ላይ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው የተማሪውን ስህተት ለመረዳት ሦስት ቋንቋ ማዳመጥ አለበት። አብዛኛው ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፤ እስከ 8ኛ ክፍል የተማረውም በኦሮምኛ ነው። ገበያና መናኸሪያ ላይ አማርኛ ይሰማል፣ በአማርኛም ይመልሳል። 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ታሪኩም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ከዚያ ወዲያ ተገብሮ (ፓሲቭ) የሰዋስው ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ምግብ በሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚፈጭ፣ እንዴት እንደሚመጠጥ የሚነግረው የባዮሎጂ መጽሐፍ በተገብሮ የተጻፈ ነው። ተገብሮ ያልገባው ልጅ ማን ምን እንዳደረገ ሳይለይ ገጹን ይሸመድዳል።

በየዓመቱ ፈተና ስናርም የሚመላለስ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ዘ አክሲደንት ዋዝ ሃፐንድ»። መምህሩ በቀይ ያሰምርበትና ልጁ ደንብ እንዳላወቀ ይቆጠራል። እኔ ግን እዚህ ስህተት ውስጥ የማየው ደንብ አክባሪ ልጅ ነው። አማርኛ አደጋው «ተከሰተ» ይላል፤ ኦሮምኛም «ኡመሜ» ይላል። ሁለቱም ግሶች የተገብሮ ምልክት አለባቸው፤ የአማርኛው «ተ» ከፊት፣ የኦሮምኛው «አም» ከኋላ። ሁለት የሚያውቃቸው ቋንቋዎች ተገብሮ አድርገው የሰጡትን ግስ እንግሊዝኛ ለብቻው ገቢር አድርጎ ሲይዘው ልጁ ከየት ያውቃል? ሊነገረው ይገባል፤ ሲነገረው ደግሞ ምክንያቱ ከራሱ አፍ መምጣት አለበት።

የእኛ «ተ» በራሱም ቀላል ፊደል አይደለም። «ተሰበረ» ተገብሮ ነው፤ «ተቀበለ»፣ «ተሸከመ»፣ «ተከተለ» ግን ባለቤቱ ራሱ የሚያደርጋቸው ናቸው፣ ተሳቢም ይወስዳሉ። «ታጠበ» ደግሞ ሁለቱንም ነው፦ ልጁ ታጠበ ስንል ራሱን፣ ሸሚዙ ታጠበ ስንል ግን ሌላ ሰው አጥቦታል። ስፓኒሽ ተናጋሪዎችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። «ሴ» የምትባል ትንሽ ቃል አለቻቸው፤ ራስን ማጠብንም ትገልጻለች፣ «ቤት ይሸጣል» የሚለውንም ማስታወቂያ በእሷ ይጽፋሉ። የእንግሊዝኛን ተገብሮ ሲማሩ እነሱም ከእኛ ልጆች ጋር በሚቀራረብ መንገድ ይቸገራሉ። ይህን ለክፍሉ እነግራለሁ፤ ችግሩ የኢሉባቦር ልጅ ድክመት አለመሆኑን ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የባለቤቱ ነገር ነው። አማርኛ «ተነገረኝ» ይላል። የሚነገረው ወሬው ነው፤ እኔ በ«ኝ» ከጀርባው ተንጠልጥያለሁ። ልጁ ይህንኑ ይዞ «ኢት ዋዝ ቶልድ ሚ» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛ ግን ሰውዬውን ከፊት ያስቀምጠዋል፦ «አይ ዋዝ ቶልድ»። ይህን ሲለምድ ደግሞ «ስልኬን ተሰረቅሁ» የሚለውን በዚሁ መንገድ ይወስደዋል፣ በእንግሊዝኛም የተሰረቀው ሰውዬው ራሱ ይሆናል። እዚህ ላይ ቀመር አይረዳም። «ቱ ቢ ሲደመር ፓስት ፓርቲሲፕል» ብሎ የሸመደደ ተማሪ ሁለቱንም ስህተት ቀመሩን ሳያፈርስ ይሠራል። የሚረዳው «በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሰው እጅ የወጣው ማን ነው? ስልኩ ነው ወይስ አንተ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

«በ»ም አለች። «የያዮ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዘገበ» ሲባል ሁለቱ «በ»ዎች አንድ አይደሉም፤ አንዱ ጊዜ ነው፣ አንዱ መዝጋቢው። በእርሳስ ተጻፈ፣ በመምህሩ ተጻፈ፣ በመቱ ተጻፈ፤ ለአማርኛ ሁሉም «በ» ነው። ስለዚህ «ባይ» እንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ቦታው ባልሆነ ሁሉ ይዘራል።

ስለ ጊዜያት ብዙ አላወራም፤ ግን ስለ ፐርፌክት የሚባለው ነገር ያሳዝነኛል። ለእኛ ልጆች ባዕድ ነው ይባላል። አይደለም። «መጣ» እና «መጥቷል» በልጁ አፍ ውስጥ የተለያዩ ናቸው፤ በኦሮምኛም «ዹፌ» እና «ዹፌራ» ይለያያሉ። እንግዳ መጥቷል ሲባል እንግዳው ቤት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ መነሳት ነው። የሚለያዩበትን ቦታ ደግሞ በግልጽ ማሳየት፦ እኛ «ትናንት መጥቷል» ማለት እንችላለን፣ እንግሊዝኛ አይፈቅድም። እኛ «ቀይ ሹራብ ለብሷል»፣ «ወንበር ላይ ተቀምጣለች» የምንለውን እንግሊዝኛ እየተደረገ እንዳለ ነገር ይናገረዋል። እነዚህን ሁለት ልዩነቶች ያወቀ ተማሪ ከአብዛኛው ስህተት ይድናል።

ሁላችንም ያደግንበትን «ወደ ፓሲቭ ቀይሩ» የሚለውን መልመጃ ትቼዋለሁ። ገቢሩና ተገብሮው አንድ ዓረፍተ ነገር ተገልብጦ እንደሆነ ያስተምራል፤ አንድ አይደሉም። ለምሳሌ፦ ጎሬ በ1929 ዓ.ም. በጣልያን ጦር ተያዘች። ወሬው ስለ ጎሬ ከሆነ እንዲህ እንላለን፤ ስለ ጣልያን ጦር ግስጋሴ ከሆነ ጦሩ ጎሬን ያዘ እንላለን። ያዡን ጨርሶ ትተን «ጎሬ ተያዘች» ብንል ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የታሪክ መጽሐፍ የሚያነብ ልጅ የተተወው አድራጊ ማን እንደሆነ መጠየቅ መልመድ አለበት።

በመልመጃው ምትክ ቡና አስጽፋቸዋለሁ። ከኢሉባቦር ልጅ ይህን የማያውቅ የለም፦ ይለቀማል፣ ይሰጣል፣ ይደርቃል፣ ይቀሸራል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይጠጣል። ማን እንደለቀመው ማንም አይጠይቅም፤ ወሬው ስለ ቡናው ነውና ተገብሮ ሳይጠሩት ይመጣል። «ይደርቃል» ላይ ስንደርስ እናቆማለን። ይህ ግስ «ይቀሸራል»ን አይመስልም፤ ቀሻሪ አለ፣ እዚህ ግን ያደረቀው ፀሐዩ ነው ወይስ እኛ? አንዳንዱ ልጅ እናቱ ቀኑን ሙሉ ስታገላብጥ ስለሚያይ «እኛ ነን» ብሎ ይሟገታል። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ይቀበላል፤ የሚመርጠው ጸሐፊው ነው። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የሚነሳው ክርክር ከማውቀው መልመጃ ሁሉ የበለጠ ያስተምራል፣ ክርክሩም የሚካሄደው በሦስቱም ቋንቋ ነው።

በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ፣ በያዮ እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ የእናት ቋንቋን ከእንግሊዝኛ ክፍል አታባርሩት። ወረቀት ስታርሙ ከተሰመረበት ዓረፍተ ነገር ሥር ልጁ በልቡ ያሰበውን የኦሮምኛ ወይም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት፣ ልዩነቱን ራሱ ያግኘው።