«ስብ ማቃጠል» ስለሚባለው አጠራር

የስብ አሲዶች በሕዋስ ውስጥ ተበትነው ኀይል የሚሰጡበት ሂደት በአማርኛ ሲገለጽ «መፍጨት»፣ «መፍረስ» እና «ማቃጠል» የሚሉት ቃላት ይደበላለቃሉ። ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። በወልቂጤና በቡታጅራ ብዙ ተማሪ በቤቱ ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱን ይናገራል፤ በከተማው አማርኛን ይሰማል፤ ከፍተኛ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይከታተላል። በመካከል የቆመው የአማርኛ ቃል ከተዛባ ፅንሰ ሐሳቡም አብሮ ይዛባል።

ከመመዘናችን በፊት ሂደቱን እናስታውስ። ጀርመናዊው ፍራንዝ ክኑፕ እ.ኤ.አ. በ1904 ባወጣው ጥናት የስብ አሲድ ሰንሰለት ከአሲዳዊው ጫፉ ሁለት ሁለት ካርቦን እየተቀነሰለት እንደሚያጥር አመለከተ። ይህ ሥራ በዋነኛነት በማይቶኮንድሪያ ውስጥ የሚከናወን ሲሆን እያንዳንዱ ዙር አራት ደረጃዎች አሉት፤ ይኸውም ሃይድሮጂን ይወሰዳል፤ ውሃ ይገባል፤ እንደገና ሃይድሮጂን ይወሰዳል፤ በመጨረሻም ባለሁለት ካርቦኑ አሴቲል ኮኤ ተቆርጦ ይለያል። 16 ካርቦን ያለው ፓልሚቲክ አሲድ በ7 ዙር 8 አሴቲል ኮኤ ይሰጣል።

እንግዲህ «መፍጨት» የአንጀት ሥራ ነው፤ በክትፎው ላይ የፈሰሰው ንጥር ቅቤ በአንጀት ሲፈጭ ወደዚህ ሂደት ገና አልደረሰም። «መፍረስ» ስሕተት ባይሆንም የሂደቱን ተራ አያሳይም። «ማቃጠል» ግን ይበልጥ ያሳስታል። እሳት ኦክስጅን ይሻል፤ በአራቱ ደረጃዎች ግን የአየር ኦክስጅን በቀጥታ አይገባም፤ የሚያስፈልገው በኋላ፣ የተወሰደው ሃይድሮጂን ውሃ በሚሆንበት ስፍራ ነው።

ጉዳቱ በሕክምና ላይ ጎልቶ ይታያል። ኢንሱሊን ያጣ የስኳር ሕመምተኛ ሰውነቱ የስብ አሲዶችን ከልክ በላይ ይበትናል፤ ጉበቱም የተረፈውን አሴቲል ኮኤ ወደ ኬቶን ይለውጣል፤ የደሙ አሲድነት ይጨምራል፤ ሕይወቱም ለአደጋ ይጋለጣል። ለዚህ ሰው «ሰውነትዎ ስብ እያቃጠለ ነው» ቢባል የምሥራች ይመስለዋል።

በእኛ አስተያየት «ቅንጠሳ» የተሻለ ነው። ጎመን የሚቀነጥስ እጅ ከጫፍ ይጀምራል፤ ጥቂት ይወስዳል፤ ተመልሶም ይደግማል። ቃሉ የሃይድሮጂኑን መወሰድ ስለማይገልጽ «ቤታ ኦክሲዴሽን» የሚለው ሙያዊ ስም ከጎኑ ይቆይ።

«የጓዳ ቃል ለሳይንስ አይመጥንም» የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ ቡቲሪክ አሲድ ስሙን ያገኘው ከላቲኑ የቅቤ መጠሪያ መሆኑን እናስታውሳለን። ይኸው አሲድ 4 ካርቦን ብቻ ስላለው በ1 ቅንጠሳ 2 አሴቲል ኮኤ ይሆናል። የሌላው አገር ሊቅ ከቅቤ ዕቃው ስም ካወጣ፣ እኛ ከጎመን ማሳችን ብናወጣ ነውር የለበትም።

ሆኖም ቃሉ ከመጽደቁ በፊት በሁለቱ ከተሞች መማሪያ ክፍሎችና ጤና ጣቢያዎች ይፈተን ዘንድ እንጠይቃለን፤ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚናገር ሰው ያልተረዳው ስያሜ ሥራውን አልፈጸመምና።