እሽ ቢሏት የማትሄድ ዶሮ

ዶሮ አውቃለሁ የምትሉ ሁሉ፣ እባካችሁ አንድ ቀን ኦርፒንግተን ዶሮ እቀፉ! እኛ የምናውቃት ዶሮ በበዓል ዋዜማ ግቢውን አዙራ አዙራ፣ አጥር ዘላ ጎረቤት ገብታ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተረባርቦ የሚይዛት ናት። ይህችኛዋ ግን «እሽ!» ቢሏትም አትሄድም። ቆም ብላ ታያችኋለች፤ ከዚያ ቀረብ ትላለች፤ ቁጭ ካላችሁ ደግሞ እግራችሁ ሥር መጥታ ትተኛለች። ብታነሷት አትንፈራገጥም፣ አትጮህም፤ ጭራሽ እቅፋችሁ ውስጥ ዓይኗን ትጨፍናለች። ዶሮ! ሰው ጉያ ውስጥ እንቅልፍ! «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል፤ እውነት ነው፣ ኪሴ ውስጥ ስንዴ እንዳለ ታውቃለች። ስንዴው አልቆ እጄን ባራግፍም ግን አትሄድም እኮ!

መልኳንማ ምኑን ልናገረው! ብዙ ሰው የሚወድዳት ወርቃማዋን ነው፤ እኔ በምኖርበት እንግሊዝ አገር የፀሐይ ነገር እንደምታውቁት ቢሆንም፣ ብልጭ ባለች ቁጥር ጓሮውን የምታደምቀው እሷ ናት። ላባዋ ከመብዛቱ የተነሳ እግሯ በቅጡ አይታይም፤ መኖ አይታ ስትሮጥ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ የምትጣደፍ ወይዘሮ ናት። ላባ ብቻም አይደለችም። የአገራችን እናት ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል ከሞላች ተመስገን ነው፤ ይህቺ ሦስት ኪሎ ታልፋለች፣ አውራው አራት ኪሎ ተኩል ይደርሳል።

ትውልዷም ከዚሁ ከለንደን ደጃፍ ነው። ዊልያም ኩክ የሚባል ሠረገላ ነጂ የነበረ ሰው በ1886 እ.ኤ.አ. በኬንት፣ ኦርፒንግተን በተባለ ቦታ ሚኖርካን፣ ላንግሻንንና ፕሊማውዝ ሮክን አዳቅሎ ጥቁሯን ኦርፒንግተን አወጣ። ጥቁር ያደረጋት የለንደን ጥቀርሻ እንዳይታይባት ነው ይባላል። ወርቃማዋ በ1894 ተከተለች፤ ለእሷ ደግሞ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር ከቻይና የመጣችውን፣ በላባዋ ብዛትና በገርነቷ የታወቀችውን ኮቺንን አዳቀለ። አሁን ያቺ የኬንት ከተማ ራሷ በለንደን ክልል ውስጥ ናት።

ከወንበሬ ያስነሳኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አውስትራሊያውያን ጥቁሯን ኦርፒንግተን ወስደው፣ ብዙ የሚጥሉትን እየመረጡ በማራባት አውስትራሎርፕን አገኙ፤ ከእነዚህ አንዷ በ365 ቀን 364 እንቁላል ጥላለች! አንድ ቀን ብቻ አርፋለች ማለት ነው። ከዚያ በ1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካ፣ ፖቸፍስትሩም ላይ አውስትራሎርፕን ከነጭ ሌግሆርን ጋር አዳቀሉና ኮኮክ የምትባል ገብስማ ዶሮ ተወለደች። ኮኮክን ማን የማያውቅ አለ? የደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ግብርና ምርምር ማዕከል አስመጥቶ ለአርሶ አደሩ ያዳረሳት እሷ አይደለችም? ስለዚህ ለንደን ጓሮዬ ውስጥ የተኛችው ወርቃማ እመቤትና ቢሾፍቱ አካባቢ ደጅ የምትጭረው ገብስማ ዶሮ በኦርፒንግተን ስም በኩል ዘመዳሞች ናቸው! ይህን ለእናቴ በስልክ ብነግራት «ታዲያ ለምን የእኔዎቹ እንዲህ አይታቀፉም?» አለችኝ።

«ጨዋ መሆኗ ጥሩ፣ እንቁላሉስ?» የሚል አይጠፋም። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ትጥላለች፤ ኦርፒንግተን ከ150 እስከ 200፣ ቀለሙ ቡናማ፣ ደህና መጠን ያለው። ያ ሁሉ ላባ ደግሞ ብርዱን ያስረሳታል። ማቀፍም ትወዳለች፤ ካቀፈች 21 ቀን ከእንቁላሎቿ ላይ እምብዛም አትላወስም፣ የሌላ ዶሮ እንቁላል ቢሰጧትም የራሷ አድርጋ ትፈለፍለዋለች። ለጫጩቶቹ የምታሳየውን ትዕግሥት አይታችሁ እንደሆነ!

ገርነቷ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። ከባድ ስለሆነች መብረር አይሆንላትም፤ ዝቅ ያለ አጥር ይበቃታል ማለት ነው፣ ቀበሮ ሲመጣ ግን ማምለጫ የላትም። የለንደን ቀበሮ ደግሞ በቀን ብርሃንም ይንጎራደዳል! ስለዚህ ቀን ዓይናችሁን ጣሉባት፣ ማታ ማታ ቤቷን ቆልፉ። ከኃይለኛ ዝርያ ጋር ከቀላቀላችኋት ትነቆራለች፣ መኖዋንም ትቀማለች፤ ከመሰሎቿ ጋር አኑሯት። ያ የሚያምረው ላባ ጭቃ ይይዛል፣ ቅማልም ይደብቃል፤ ገልጣችሁ እዩ፣ ደግነቱ ለመገለጥ የምትመች ዶሮ ናት። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ አንዲት ዶሮ ያለውም ሰው ማስመዝገብ አለበት። ለአበሻ የሚከብደው ሌላ ነው፦ ሥጋና ወተት ከሚነካካበት ኩሽና የወጣ ትርፍራፊ ለዶሮ መስጠት በሕግ የተከለከለ ነው። የእንጀራ ፍርፋሪ ሳይቀር! መኖ ግዙ፣ ከጓሯችሁ ጎመን ቅጠል ጣሉላቸው።

እንግዲህ ትንሽ ጓሮ ካላችሁ ምን ትጠብቃላችሁ? ዶሮ ብቻዋን ስለማይሆንላት ሦስት ቄቦች ግዙ፤ ጎረቤት በጩኸት እንዳይማረር አውራውን ተዉት፣ ለእንቁላል አያስፈልግም። እንስሳ የሚፈራ ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ ጭኑ ላይ አስቀምጡለት፤ ፍርሃቱ የት እንደገባ ታጡታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቃችሁ፦ ልጆቹ ስም ያወጡላቸዋል። የእኔዎቹ አንዷን «ወይዘሮ ወርቄ» አሏት፣ አለቀ! ስም ያላትን፣ ስትጠራ የምትመጣን ዶሮ ማን ጨክኖ ቢላ ያነሳባታል? የፋሲካውን ዶሮ ከሱቅ ግዙ፤ ወይዘሮ ወርቄ ለወጡ የሚሆነውን እንቁላል ታዋጣለች።