የትልቅ የግፊት ታንክ ግርጌና የ1.77 ቍጥር

የግፊት ታንክ ሥዕል ሠርቶ እንዲያቀርብ የታዘዘ የምሕንድስና ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው ስለ ግድግዳው ነው። ግርጌው ከሰንጠረዥ ተገልብጦ ይገባል። ይህ ጽሑፍ የሚነቅፈው ይህንኑ ልማድና ልማዱን ያሳደገውን ፎርሙላ ነው።

ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ የብረት ታንክ የውስጥ ግፊቱ በካሬ ሳንቲሜትር 2 ኪሎ ቢሆን፣ ግርጌው የሚገፋበት ኀይል 565 ቶን ያህል ይሆናል። ለብረቱ በካሬ ሚሊሜትር 14 ኪሎ ብንፈቅድለት፣ ለግድግዳው 4.3 ሚሊሜትር ላሜራ ይበቃል። ግርጌውን ዙሪያውን የተያዘ ጠፍጣፋ ላሜራ እናድርገው ብንል ግን 98 ሚሊሜትር መወፈር አለበት። ግማሽ ሉል ቢሆን 2.1 ሚሊሜትር ይበቃዋል፤ እርግጥ ዝገትንና ብየዳን የሚያውቅ ሰው ይህን ያህል ስስ አያቆምም። ጠፍጣፋው ጭነቱን የሚሸከመው በመጕበጥ ሲሆን ሉሉ በመወጠር ብቻ ስለሚሸከም ነው ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው። ታዲያ ሁሉም ለምን ግማሽ ሉል አይሠራም ቢሉ፣ ላሜራውን በዚያ ቅርጽ ማጠፍ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ደግሞም ድቡልቡል ግርጌ በራሱ አይቆምም። እንስራ ማቶት እንደሚያሻው፣ ታንኩም ከሥሩ የሚደግፈው የብረት ቀለበት ወይም እግር ያሻዋል።

ስለዚህ መካከለኛው መንገድ ተመረጠ፤ ይኸውም መካከሉ በትልቅ ራዲየስ የጐደጐደ፣ ጠርዙ በትንሽ ራዲየስ ታጥፎ ከግድግዳው ጋራ የሚገናኝ፣ ሳሕን የመሰለ ግርጌ ነው። የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ደንብ የመካከሉ ራዲየስ ከታንኩ ስፋት እንዳይበልጥ፣ የመታጠፊያውም ራዲየስ ከስፋቱ 6 በመቶ እንዳያንስ ያዛል። በዚህ የመጨረሻ ወሰን ላይ የሉሉ ሒሳብ በ1.77 ይባዛል፤ ለኛም ታንክ 7.6 ሚሊሜትር ይወጣል። ተማሪው ይህን ጽፎ እስክርቢቶውን ያስቀምጣል።

ነቀፌታዬ እዚህ ላይ ነው። በ1.77 የሚባዛው የመወጠር ሒሳብ ነው። በመታጠፊያው ላይ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ግፊቱ ጐድጓዳውን መካከል ወደ ታች ሲገፋው፣ መካከሉ መታጠፊያውን ወደ ውስጥ ይጐትተዋል፤ የመታጠፊያው ዙሪያ ማጠር ግድ ይሆንበታልና በክቡ አቅጣጫ ይጨመቃል። ስስ ላሜራ ሲጨመቅ እንደ ጨርቅ ይሸበሸባል። ከውስጥ የተነፋ ዕቃ ይሸበሸባል ቢሉት ማን ያምናል? ነገር ግን በ1956 በካሊፎርኒያ፣ አቮን በተባለ ቦታ፣ አንድ ትልቅ የነዳጅ ማጣሪያ ዕቃ በውሃ ሲፈተን ተበላሸ። ጋሌትሊ የተባለው መሐንዲስ በ1959 ባሳተመው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ፣ በትላልቅና ስስ ግርጌዎች መታጠፊያ ላይ የሚደርሰው ኀይል የተለመደው ፎርሙላ ከሚያሳስበው እጅግ እንደሚበልጥ አሳየ። ሺልድና ድራከር በ1961 ተከተሉት። ዛሬ ደንቡ ራሱ ውፍረቱ ለመካከሉ ራዲየስ ተካፍሎ ከ0.002 በታች ለሚሆን ግርጌ የተለየ ስሌት አለው። የኛው 7.6 ሚሊሜትር ለ6000 ሲካፈል 0.0013 ስለሚሆን፣ በዚያ ፎርሙላ ብቻ መዳኘት አልነበረበትም ማለት ነው። ደንቡን ስለ ማረሙ ላመሰግነው ይገባኛል፤ ነገር ግን ዋናው ፎርሙላ ከነወሰኑ ካልተማረ እርማቱ ለማን ይጠቅማል?

ሁለተኛው ጕድለት የግፊቱ ነው። ግርጌ የጋዙን ግፊት ብቻ አይሸከምም፤ 10 ሜትር ውሃ በካሬ ሳንቲሜትር 1 ኪሎ ይጨምርበታል። ስለዚህ የኛው 2 ኪሎ 3 ይሆናል፤ ውፍረቱም 11.4 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ እንዲያም ሆኖ ከ0.002 አልፎ አይወጣም። ፕሮፔን የሚያጠራቅም ታንክ ደግሞ የፕሮፔን ፈሳሽ ከውሃ ግማሽ ያህል ብቻ ስለሚመዝን፣ በአገልግሎት ዘመኑ ከሚያገኘው የፈሳሽ ጭነት ሁለት እጥፍ ያህሉን የሚያገኘው በውሃ በሚፈተንበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ደግሞ ሠራተኞቹ መጋጠሚያው ያንጠባጥብ እንደ ሆነ ለማየት ከሥሩ ይቆማሉ።

ቁመቱ የስፋቱ ሩብ የሆነውን ሞላላ ግርጌ መድኀኒት የሚያደርጉ አሉ። እርሱም ይሻላል እንጂ ነጻ አይደለም፤ ከግድግዳው ጋራ በሚገናኝበት መሥመር ግድግዳው በሚወጠርበት መጠን እርሱ ይጨመቃል። ከዚህ ነገር ፈጽሞ ያመለጠው በ1923 በቴክሳስ፣ ፖርት አርተር የቆመው የሆርተን ሉል ታንክ ነው፤ እርሱም ያመለጠው ግርጌን ከነጭራሹ በመተው ነው።

እስከዚያው ድረስ መምህራኖቻችን የታንክ ሥዕል ሲያዙ፣ ከውፍረቱ አጠገብ የመታጠፊያው ራዲየስ ለምን ያን ያህል እንደ ሆነና ግርጌው በፈተናው ቀን ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ተማሪው በእጁ ጽፎ እንዲያቀርብ ቢያስገድዱ መልካም ነው።