ከኋላ የሚታይ ጭነት

የአህያ ጭነት የሚመረመረው ከኋላ ተቁሞ ነው። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ በገበያ ቀን ጭነት የሚያደንቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጎን አይቶ «ገመዱ ከርሯል፣ ጥሩ ጫኝ ነው» ይላል። ይህ ምስክርነት አይረባም። የከረረ ገመድ የጫኙን ጉልበት እንጂ ሙያውን አያሳይም። ከኋላ ሲታይ የሁለቱ ስልቻዎች ግርጌ እኩል ከፍታ ላይ መዋል፣ የአህያዋም አከርካሪ መሀል ለመሀል መታየት አለበት።

ከጭነቱ ሥር ስለሚነጠፈው ምንጣፍ ብዙ ማለት አያሻም፤ ወፍራም ይሁን፣ አይታጠፍ፣ አከርካሪዋን አይጫን። መጫኛው ጠፍር ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጭን የናይለን ገመድ ቆዳ ይበላል። አህያዋ ብትወድቅ ቶሎ የማይፈታ ቋጠሮ ስሕተት ነው።

ዋናው ነውር ድንጋይ ነው። አንዱ ስልቻ ሲከብድ በቀለለው በኩል ድንጋይ ይታሰራል፤ ጭነቱ ቀጥ ሲል ያየም ሁሉ ያመሰግናል። በዚያ ድንጋይ አህያዋ ለማንም የማይጠቅም ክብደት ትሸከማለች። ድንጋዩ እንደ እህል ተመቻችቶ አይተኛም፤ አንድ ቦታ ላይ ይጫናል፣ በየእርምጃው ይመታል። ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ጭነቱ ወደ ፊት ሲንሸራተት ድንጋዩም ቦታውን ይለቃል፤ ሚዛኑ ከመነሻው ይልቅ ይከፋል። ድንጋይ ያለበት ጭነት፣ የቀረው ሁሉ ቢያምር እንኳ፣ ያልተጫነ ጭነት ነው። ለጫኙም ምክንያት አይሆነውም፤ እህሉን ስልቻ ውስጥ ሲከት በቁና ቆጥሮ ለሁለት ቢከፍለው ኖሮ ድንጋይ ባላስፈለገ።

የቀድሞ ሲራራ ነጋዴዎች ይህን በሚገባ ያውቁት ነበር። አሞሌ ጨው በቁጥር ስለሚጫን አያስቸግርም፤ ሙያው የሚለየው በእህል ላይ ነው። በእስቴ በኩል አንድ አረጋዊ ጫኝ ሁለቱን ስልቻዎች አንድ በአንድ በቀኝ እጃቸው ያነሡ ነበር፤ ቀጥሎ በግራ እጃቸው ይደግሙታል፤ ልዩነት ከተሰማቸው አፉን ፈትተው ከከበደው እየዘገኑ ወደ ቀለለው ይጨምራሉ። ገበያተኛው ቢቸኩል እሳቸው አይቸኩሉም። ጥቂት መንገድ ከሄዱ በኋላም ቆመው መጫኛውን እንደገና ያጠብቃሉ፤ እህል ሲረግብ ገመድ ይላላልና።

ለሁለት የማይከፈል ጭነት ለጀርባ አይሆንም። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ስለነበር በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ የተጓዘው በሠረገላ ነው፤ መንገዱም ገደል እየተናደ ተሠራለት። ለጀርባ የማይመች ዕቃ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሌላ ማጓጓዣ ይፈለግለት።

የመጨረሻው ምርመራ ሲራገፍ ነው። ሁለቱ ስልቻዎች በአንድ ጊዜ ይውረዱ፤ አንዱ ቀድሞ ከወረደ ሌላው ጀርባዋን ይዞ ይገለበጣል። ምንጣፉ ሲነሣ ላቡ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። በላቡ መሀል ደረቅ ቦታ ከታየ ክብደቱ ያረፈው እዚያ ላይ ነው፤ ጭነቱ ካልታረመ ገጠባው የሚወጣውም በዚያው ቦታ ነው።