የፍልስፍና ዲግሪ ምን ይጠይቀናል? ምንስ ሳይጠይቀን ይቀራል?

በዚህች መጽሔታችን ሂስ ሲባል ብዙውን ጊዜ በልብ ወለድ ወይም በግጥም ላይ የሚሰነዘር አስተያየት ማለት ነው። ዛሬ ግን ሂስ ላካሂድበት የፈለግሁት ማንም እንደ ድርሰት ቆጥሮት የማያውቅ ጽሑፍ ነው፤ በትምህርት ክፍሎች ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው፣ ተማሪ ሁሉ በምዝገባ ሰሞን ጣቱን እያስኬደ የሚቆጥረው የዲግሪ ማሟያ ዝርዝር። ለመሆኑ ይህ ድርሰት አይደለም እንዴ? ጸሐፊ አለው፣ መነሻና መድረሻ አለው፣ የሚያጎላው ነገር አለው፣ የሚሸሽገውም አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአራት ዓመት ዕድሜያችንን የሚያዝ ጽሑፍ ነው። ይህን የሚያህል ሥልጣን ያለው ጽሑፍ ያለ ሂስ ሊታለፍ አይገባውም።

እስቲ መጀመሪያ ዝርዝሩ የሚለውን በቅንነት እንስማ። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ በፍልስፍና ለመቀበል አንድ ተማሪ በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ የመጣውን የፍሬሽማን ዓመት ጨምሮ አራት ዓመት ይማራል። ሥነ አመክንዮ፣ የጥንት የግሪኮች፣ የመካከለኛው ዘመን፣ የዘመናዊውና የቅርብ ጊዜው የምዕራባውያን ፍልስፍና፣ ሥነ ዕውቀት፣ ዲበ አካል፣ ሥነ ምግባር፣ የፖለቲካ ፍልስፍና፣ የአፍሪካና የኢትዮጵያ ፍልስፍና ከዚህ የሚጠበቁ ናቸው። በመጨረሻው ዓመት ሲኒየር ኤሴይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሁሉም የትምህርት መስክ እንደሆነው ሁሉ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል፤ ከመቶ ሃምሳ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም።

በዚህ ዝርዝር ላይ በጭፍን መዝመት አይገባም። ፕላቶን ሳያነቡ፣ ካንትን በሩቁ ሳይሳለሙ ፈላስፋ ነኝ ማለት ዜማ ሳይሰሙ ማኅሌት እንደ መቆም ይሆናል። የሰው ልጅ ያሰበውን ሳያውቁ ማሰብ ብዙ ጊዜ የተሠራውን መልሶ መሥራት ነው። ዝርዝሩ ስፋት ይጠይቃል፤ ጥሩ አድርጓል።

የእኔ ጥያቄ ያለው ግሦቹ ላይ ነው። የዲግሪ ማሟያን ቋንቋ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ተማሪው «ይወስዳል»፣ «ያልፋል»፣ «ያሟላል»። እኛም በዶርም ስንነጋገር «ኤቲክስ ወሰድክ?» እንባባላለን፤ ልክ ኪኒን እንደሚወሰድ። የተወሰደ ነገር ይዋጣል፣ ከተዋጠ በኋላ ማን ያስታውሰዋል? «ይጠይቃል»፣ «ይሟገታል»፣ «ይረታል»፣ «ይረታበታል» የሚሉ ግሦች ግን የሉም። ፍልስፍና ደግሞ ከእነዚህ ግሦች ውጭ ምን ይቀረዋል? የሰዎች ስምና የትውልድ ዘመን ብቻ።

የመውጫ ፈተናውን እንውሰድ። በኮምፒዩተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ነው። ለሂሳብ ሹምና ለነርስ ምን ያህል እንደሚበጅ የመስኩ ሰዎች ይናገሩ። ለፍልስፍና ግን ምርጫ ጥያቄ በተፈጥሮው ሊጠይቅ የሚችለው «ይህን ያለው ማን ነው?»፣ «ይህ አስተሳሰብ ምን ይባላል?» የሚለውን ነው። «ካንት ከየትኛው ወገን ይመደባል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ «ካንት ልክ ነው ወይ? ካልሆነ የት ላይ ተሳሳተ?» የሚለውን ግን በአራት ፊደል ውስጥ መክተት አይቻልም። ተማሪውም ሞኝ አይደለም፤ የሚጠየቀውን ያውቃል። ስለዚህ ጂሲ ሲሆን ሃንድአውቱን ይዞ ችከላውን ይያያዘዋል። ቻካዩን አንወቅሰውም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

ምርጫ ባይሆን አገር አቀፍ ፈተና እንዴት ይሆናል? የሚል አይጠፋም። ፈረንሳዮች ግን ገና ዩኒቨርሲቲ ላልገቡ የአሥራ ሰባትና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆቻቸው የባካሎሪያ የፍልስፍና ፈተና ሲሰጡ ነጭ ወረቀትና አራት ሰዓት ነው የሚሰጧቸው። ልጁ ከቀረቡለት ርእሶች አንዱን መርጦ መከራከሪያውን ራሱ አዋቅሮ ይጽፋል፤ አለዚያም የአንድ ፈላስፋ ጽሑፍ ቀርቦለት ይተነትናል። ያም ሽምደዳን አላጠፋም፤ አብነት የሚሆን ድርሰት በቃሉ ይዞ የሚገባ እዚያም አለ። ቢሆንም ወረቀቱ ራሱ የሚጠይቀው ክርክር ነው። እንግዲህ አይቻልም ማለት አይቻልም።

አስገዳጅነት ብቻውን ፍልስፍናን እንደማያመጣ ደግሞ የራሳችን ታሪክ ምስክር ነው። በደርግ ዘመን የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ፍልስፍና ሐኪም ይሁን መሐንዲስ ለሚሆነው፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ግዴታ ነበር። በታሪካችን ፍልስፍና እንደዚያ ጊዜ በብዙ ተማሪ ላይ የተጫነበት ወቅት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነበርና ጥያቄው ሲበዛ ጣጣ ያመጣ ነበር። ከዚያም በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከአርባ በላይ መምህራን ሲባረሩ ከመካከላቸው አንዱ የፍልስፍናው መምህር መሳይ ከበደ ነበሩ። ሁለቱ ዘመናት በርእዮተ ዓለም ተቃራኒ ይሁኑ እንጂ የሚያስተምሩን አንድ ነው፦ ጠያቂው በማይጠበቅበት ቤት «ጥያቄ ያስፈልጋል» የሚል ወረቀት ቢለጠፍ ከግድግዳ ጌጥ አያልፍም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ፤ ወደ ቋንቋው። የኢትዮጵያ ፍልስፍና የሚባለውን ትምህርት የሚያውቅ ሁሉ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብን ያውቃል። ጽሑፉ እንደሚተርከው ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ በ1599 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ ዜማው ባይሆንለት በሰዋስውና በቅኔ በረታ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ሰበብ ተከሶ ሸሸ፤ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀምጦ አሰበ። ሁሉም የኔ ሃይማኖት ነው ትክክል ሲል ዳኛው ማን ይሁን ብሎ ጠየቀና ዳኝነቱን ለልቡና ሰጠ። በኋላም በእንፍራዝ ኖሮ በሽምግልናው በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና ጻፈው።

ይህ ጽሑፍ ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ክርክሩ አላለቀም። ቅጂውን ያገኘሁት ብሎ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ኢጣሊያዊ ካፑቺን መነኩሴ ነው፤ ጊዜው በ1850ዎቹ መጀመሪያ ነው። ብራናው ዛሬ ፓሪስ ነው ያለው። በ1920 እ.ኤ.አ. ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «ይህን የጻፈው ራሱ መነኩሴው ነው» ብሎ ተነሣ። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክሎድ ሰምነር በበኩላቸው በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአዲስ አበባ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ከ1974 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው አምስት ቅጾች የኢትዮጵያን ፍልስፍና ለዓለም ሲያስተዋውቁ ጽሑፉ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟገቱ። ታላቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ በፊት ተጠራጥረው ኋላ ወደ ትክክለኛነቱ አዘነበሉ። ፈረንሳዊቷ ታሪክ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን የመነኩሴው ሥራ ነው ይላሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ሐተታውን በእንግሊዝኛ ተርጉመው ያሳተሙት ራልፍ ሊ፣ መሐሪ ወርቁና ዌንዲ ቤልቸር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ነው ከሚሉት ወገን ናቸው።

እኛስ ከየትኛው ወገን ነን? ይህ ነው ቁም ነገሩ። ክርክሩ ከሚቆምባቸው ምሰሶዎች አንዱ ግዕዙ ነው። ግዕዙ የአገር ተወላጅ ሊቅ ግዕዝ ነው ወይስ የውጭ ሰው የተማረው? የመዝሙረ ዳዊት ጥቅሶቹ እንዴት ገቡ? ስልቱ ከደቡረኛው ደብተራ ነው ከካፑቺኑ? የፍልስፍና ተማሪው ሐተታውን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ ግዕዝ ከዲግሪው ማሟያ ውስጥ አይደለምና። ስለዚህ በራሱ አገር ትልቁ የፍልስፍና ክርክር ላይ ዳኛ ሊሆን ቀርቶ ምስክር እንኳ ሊሆን አይችልም። «እገሌ እንዲህ ይላል፣ እገሊት እንዲህ ትላለች» ብሎ ይጽፋል፤ ወይም አገሩን ስለሚወድ ብቻ የኛ ነው ይላል፤ ወይም አዋቂ ለመምሰል የኛ አይደለም ይላል። ልቡናን ዳኛ አድርግ የሚለውን መጽሐፍ በሰው ልቡና ነው የሚዳኘው ማለት ነው። ከዚህ የከፋ ምፀት በየትኛው ልብ ወለድ ይገኛል?

ሌላው ቋንቋ የምናስብበት ነው። የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሲኒየር ኤሴዩም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ማታ ዶርም ውስጥ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ዕድል፣ ስለ እግዜር የምንከራከረው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ነው፤ ያኔ የማይናገር ልጅ የለም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያው ልጅ ጸጥ ይላል። ሐሳብ አጥቶ አይደለም፤ ሐሳቡን የሚያለብሰው ልብስ ጠቦት ነው። በዚህም «አመክንዮ»ና «ዲበ አካል» የመሳሰሉት ቃላት በመዝገብ ቃላት ብቻ ተቀምጠው ይቀራሉ። ቃል የሚያድገው ሰው ሲከራከርበት ነው፤ ካልተከራከሩበት አይለመድም፣ ካልተለመደም «አማርኛ ለፍልስፍና አይሆንም» የሚሉት ሰዎች የረቱ ይመስላቸዋል።

ለንጽጽር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቅኔ ቤትን እንይ። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እየቆጠረ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስና ከዚያም ወዲያ ይወጣል። ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። የትላንቱን ዛሬ መድገም የለም፤ የሰው ቅኔ ይዞ መምጣትማ ነውር ነው። አዲስ ይጠበቅበታል። ሲጨርስ የሚባለው ግሥ «አሟላ» አይደለም፤ «ተቀኘ» ነው፣ ብሎም «አስመሰከረ»። አንዱ ግሥ መፍጠርን፣ ሌላው በሰው ፊት መቆምን ይጠይቃል። እነዚህ ሁለቱ ናቸው ከእኛ ዝርዝር የጎደሉት።

ቅኔ ቤትን ገነት ለማስመሰል አይደለም። የመምህሩ ቃል የመጨረሻ ነበር፤ ከሃይማኖቱ አጥር የሚወጣ ጥያቄ ቦታ አልነበረውም፤ ዘርዐ ያዕቆብም (ትረካውን ከተቀበልን) ዋሻ የገባው በዚሁ ምክንያት ነው። የምንወስደው አጥሩን ሳይሆን ልማዱን ነው፦ ዕለት ዕለት የራስን ማቅረብ፣ በሌሎች ፊት መታረም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛ፣ አንድ መምህር የስንቱን ተማሪ ድርሰት ያርማል? እውነት ነው፤ ነገር ግን ሃያ ገጽ ተገልብጦ ከሚመጣ ሁለት ገጽ ተከራክሮ ቢመጣ ለእርማትም ይቀላል። ሁለተኛ፣ ግዕዝን በሁሉም ላይ መጫን ከግዕዝ ባህል ውጭ ያደገውን ተማሪ መበደል አይሆንም? ይሆናል፤ ስለዚህ መጫን የለበትም። የሚሻለው ተማሪው አንድ የፍልስፍና ጽሑፍ ወይም የቃል ቅርስ በተገኘበት ቋንቋ እንዲመረምር መጠየቅ ነው፤ ግዕዝም ቢሆን፣ የገዳ ሕግ የሚነገርበት ኦሮምኛም ቢሆን፣ ግሪክኛም ቢሆን ምርጫው የራሱ ይሁን። ሦስተኛው ተቃውሞ ከቤተሰብ የሚመጣው ነው፤ «ፍልስፍና ተምረህ ምን ልትበላ?» ነጥብ አልደርስ ብሎ የተመደበውም ወዶ የገባውም ይህን ሰምቷል። መልሱ እዚሁ ዝርዝር ላይ ነው የሚወሰነው። ዲግሪው የሚመሰክረው ስም መደርደር እንደቻልን ብቻ ከሆነ ቤተሰቦቻችን ትክክል ናቸው። አንድን ውል፣ አንድን ሕግ፣ አንድን የፖለቲካ መግለጫ አንብበን ስንጥቁ የት እንዳለ ማሳየት እንደምንችል የሚመሰክር ከሆነ ግን ይህን የማይፈልግ መሥሪያ ቤት አላውቅም፤ የሚፈራው ግን ሊኖር ይችላል።

እንግዲህ ዝርዝሩን የሚያሻሽሉት ሰዎች ስብሰባቸውን እስኪጠሩ ቁጭ ብለን አንጠብቅ። ሲኒየር ኤሴይ በሰው ፊት እንዲቀርብና እንዲመከት፣ በአገር ቋንቋም እንዲጻፍ መጠየቅ የእኛ መብት ነው፤ እንጠይቅ። እስከዚያው የማንም ፈቃድ የማያሻው ነገር አለ። በየሳምንቱ አንድ ሰው ሁለት ገጽ የራሱን መከራከሪያ በፈለገው ቋንቋ ጽፎ ይምጣ፤ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የቀረነው እንሞግተው። ከሞት የተረፈው በዚህችው መጽሔት ይታተማል፤ አዘጋጆቹ ቦታ እንደሚሰጡ ቃል ገብተዋል። ለመጀመሪያው ሳምንት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ የሐተታው ጸሐፊ መነኩሴው ቢሆን ኖሮ በውስጡ ያሉት መከራከሪያዎች ይደክማሉን? አዎ የሚልም አይደለም የሚልም ወረቀቱን ይዞ ይምጣ።