ገደልና ጥድፊያ፦ «ፕሪሲፒተስ» ስለተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል

«ፕሪሲፒተስ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በትርጉም ሥራም ሆነ በሂስ ጽሑፍ «ድንገተኛ» እየተባለ ሲታለፍ አስተውያለሁ። ይህ አተረጓጎም ከቃሉ ፍች ዋናውን እንደሚያስቀርና የሂስ ፍርዳችንንም እንደሚያዛባ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የቃሉ ምንጭ ላቲን ነው። «ፕራይኬፕስ» የሚለው ቃል «ፊት» እና «ራስ» ከሚሉ ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ ራሱን አስቀድሞ ቁልቁል የሚወረወርን ያመለክታል። ከዚህ ግንድ ሁለት የእንግሊዝኛ ቅጽሎች በቅለዋል። «ፕሪሲፒተስ» በዋናነት ጭው ያለ ገደልን ይገልጻል፤ «ፕሪሲፒቴት» ደግሞ ሳይመክር የሚቸኩልን ሰው ወይም በችኮላ የተወሰነን ውሳኔ። የቋንቋ አጠቃቀም መመሪያዎች ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ ይመክራሉ። ሆኖም የመጀመሪያው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለችኮላም አገልግሏል። በዛሬው ጋዜጣ ደግሞ የዋጋን ወይም የቁጥርን ፈጥኖ መውረድ ይገልጻል።

እንደ እኔ አስተያየት፣ ሦስቱን ፍቾች የሚያስተሳስራቸው ቁልቁለት እንጂ ድንገተኝነት አይደለም። ድንገተኛ ነገር ያልታሰበ ነው። ገደል ግን ከሩቅ ሊታይ ይችላል፤ አስፈሪነቱ አንዴ እግር ከከዳ መመለሻ ስለሌለው ነው።

ለዚህ ከሼክስፒር «ኪንግ ሊር» የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ግሎስተር ኤድመንድ በፈጠረው የሐሰት ደብዳቤ ተታሎ፣ ሳይመረምር በንጹሕ ልጁ በኤድጋር ላይ ይፈርዳል። በኋላ ዓይኑ ጠፍቶ ራሱን ለመጣል የዶቨርን ገደል ይፈልጋል። ማንነቱን የሰወረው ኤድጋር ግን ሜዳ ላይ አቁሞ ከገደል አፋፍ እንደደረሰ ያሳምነዋል። ሽማግሌው ወድቆ ሲነሣ፣ ኤድጋር ስለ አወዳደቁ የሚነግረው የዚሁ ቃል ቤተሰብ በሆነ ግሥ ነው። ገደሉ በመሬት ላይ የለም፤ እውነተኛው ገደል በመጀመሪያው ገቢር የታየው ጥድፊያው ነው። «በድንገት ወደቀ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ይህን ሰንሰለት ይበጥሳል።

የእኛም ቋንቋ ለዚህ ዝምድና እንግዳ አይመስለኝም። በግዕዝ «ጸድፍ» ገደል ነው፤ «ጸድፈ» ደግሞ ከገደል ወደቀ ማለት ነው። የግዕዙ «ጸ» በአማርኛ «ጠ» ሲሆን በ«ጸጉር» እና «ጠጉር»፣ በ«ጸብሐ» እና «ጠባ» እናየዋለን። እንግዲህ «ጥድፊያ» እና «ተጣደፈ» የ«ጸድፍ» ዘመዶች ናቸው ብሎ መጠርጠር ከድፍረት የሚቆጠር አይሆንም። ግምቴን የሥነ ልሳን ሊቃውንት እንዲመረምሩት አቀርባለሁ። ዝምድናው ባይጸና እንኳ፣ ተርጓሚ ለመሬቱ «ጭው ያለ»፣ ለውሳኔው «የጥድፊያ»፣ ለዋጋው «አሽቆለቆለ» የሚሉ ቃላት በእጁ አሉት።

ልዩነቱ ለሂስም ይጠቅማል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ተገናኝተው ብዙም ሳይቆዩ ሞት ይለያቸዋል። ይህን ፍጻሜ «ድንገተኛ» የሚል አንባቢ ደራሲው እንደቸኮለ ሊቆጥር ይችላል። ነገር ግን የበዛብህ ወላጆች ስለትና የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ትዕቢት ቁልቁለቱን ከመጀመሪያው ጀምረው ሲቆፍሩት እናያለን። ስለዚህ ፍጻሜው ገደላማ ነው እንጂ ጥድፊያ የለበትም። ጥድፊያ የደራሲ ጉድለት ነው፤ ገደል ግን ደራሲው አስቦ የሠራው የታሪኩ መልክዓ ምድር ነው። ሁለቱን በአንድ «ድንገተኛ» የሚጠራ ሐያሲ የደራሲውን ድካም በጉድለት ይመዘግብበታል።