በሳንቲም ውርወራ ስለ ተለካው የገበሬ ጥንቃቄ

ሰው ውጤታቸው ካልታወቀ ነገሮች መካከል እንዴት እንደሚመርጥ ለማወቅ ሃንስ ቢንስዋንገር በሕንድ መንደሮች አድርጎ በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ፈተና ለብዙዎች አርአያ ሆኗል። ገበሬው ሳንቲሙ ከመወርወሩ በፊት ይመርጣል፤ ያለ ጥርጥር 50 ሩፒ መውሰድ፥ ወይም በአንዱ ገጽ 30 በሌላው 150፥ ወይም ደግሞ ባዶ አለዚያ 200። ገንዘቡ በእውነት ስለሚከፈል በአፍ ብቻ ደፋር መሆን አይቻልም፤ የፈተናው ጥሩነት ይህ ነው።

ማሕሙድ የሱፍና ራንዳል ብለፍስቶን ይህንኑ መንገድ ተከትለው በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ 262 የገበሬ ቤተሰቦችን ፈትነው፥ ውጤቱን በ2009 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከግማሽ የሚበልጡት እጅግ ጥንቁቆች ሆነው ተገኙ። ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ በሁለቱ አገሮች መካከል ናቸው፤ ዓባይን ቢሻገሩ ጎጃም፥ በሽሎን ቢሻገሩ ወሎ ነው። ስለዚህ ነገሩ እኛንም ይነካናል።

በበኩላችን ቁጥሩን አንቃወምም። የምንቃወመው ቁጥሩን ይዞ «ገበሬው በጠባዩ ፈሪ ስለ ሆነ ማዳበሪያ አይወስድም» ማለትን ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሀብት ሲጨምር ጥንቃቄው እንደሚቀንስ አግኝተዋል፤ ለቢንስዋንገር ግን የሀብት ልዩነት ይህን ያህል ለውጥ አላሳየውም ነበር። እንግዲህ የተለካው ጠባይ ነው ወይስ ጎተራ?

አንድ በሬ ብቻ ያለው የስማዳ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ማዳበሪያ በዱቤ ወስዶ ዝናቡ ቢቀር ዕዳው አይቀርለትም። በሬውን ሸጦ ቢከፍል የከርሞው መቀናጆ ፈረሰ፤ ጎረቤቱም አብሮት ተጎዳ ማለት ነው። በሳንቲሙ የተሸነፈ ግን ቢከፋ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተመራማሪ ከድኻ ላይ በሬ ሊወስድ አይገባውምና ይህ ጉድለት ከፈተናው የሚጠፋ አይደለም፤ ይሁን እንጂ አንባቢ ሊዘነጋው አይገባም።

ደግሞም ፈተናው አንዱን ብቻ ምረጥ ይላል። የደጋው ገበሬ ግን ገብስና ስንዴ ቀላቅሎ መዝራት ያውቃል፤ ዝናቡ ቢያጥር ገብሱ ይደርስለታል። ይህ ፍርሃት ከተባለ፥ ገንዘቡን በሁለት ባንክ የሚያስቀምጠውን የከተማ ነጋዴ ምን ልንለው ነው?

ነገሩን ለመለየት መንገድ ያለ ይመስለናል። በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሴፍቲኔት ርዳታ ላይ ጋይንትን፥ ታች ጋይንትንና ስማዳን ደርሷል። ፈተናው እዚያ ለተረዱትም ላልተረዱትም፥ አንድ ጊዜ ጎተራው በሚጎድልበት በነሐሴ፥ አንድ ጊዜም ከአውድማ በኋላ በጥር ይደገም። የአንዱ ሰው ምርጫ ከነሐሴ እስከ ጥር ከተለወጠ፥ ጠባዩ በአምስት ወር ተለወጠ የሚል አይኖርም።